ቤት ከመግዛታችሁ ወይም በመያዣ ከመቀበላችሁ በፊት፦ ከካርታው ጀርባ ያለውን ማህደር እንዴት ታጣራላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካርታ አለው?» ብሎ ነው። ደላላው «አለው፤ ንጹህ ካርታ ነው» ይላል። ሻጩ ወረቀቱን ከላስቲክ አውጥቶ ያሳያል። ማህተሙ አለ፣ ፊርማው አለ። የገዢው ልብ ያርፋል።

ማረፍ ግን የለበትም። ካርታው የሚናገረው ወረቀቱ በተሰጠበት ቀን የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ ባንክ ይዞት፣ ፍርድ ቤት አግዶት፣ ወራሽ ከሶበት ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ቢሮው ራሱ አምክኖት ሊሆንም ይችላል። ይህ የሚመዘገበው መሬት ቢሮ ባለው ማህደር ላይ ነው። ሻጩ እጅ ያለው ወረቀት እንዳማረበት ይቀመጣል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ የአዲስ አበባን መሠረት ያደረገ ነው። ክልል ላይ የቢሮዎቹ ስምና የቤተሰብ ሕጉ ሊለይ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን አንድ ነው። ቤት በመያዣ ተቀብላችሁ ገንዘብ ለምታበድሩም ማጣሪያው ያው ነው፤ መጨረሻ አካባቢ ለእናንተ ብቻ የሚሆን ነገር አለ።

የሚሸጥላችሁ ምንድን ነው?

መሬት አይሸጥም። የከተማ ቦታ ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። የምትገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ሻጩ በቦታው ላይ ያለው መብት ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቃችሁ ዋጋ መነጋገሩ ራሱ ትርጉም የለውም።

ብዙዎቹ የቆዩ ሰፈሮች ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዙ የቆዩ ቦታዎች፣ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር አለ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 አንቀጽ 6 መሠረት፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ (ቦታን ለተወሰነ ዘመን በውልና በክፍያ ወደ መያዝ) ይገባል። ማለትም ሻጩ የቦታ ኪራይ እየከፈለ የኖረበትን ቤት እናንተ በሊዝ ነው የምትይዙት። «ይሄ እኮ ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» ሲባል ሰምታችሁ ዋጋ አትጨምሩ። በስንት ሂሳብ እንደምትገቡ አስቀድማችሁ ክፍለ ከተማው ጠይቁ።

ቤቱ መጀመሪያውኑ የሊዝ ከሆነ ካርታው ብቻውን አይበቃም፤ የሊዝ ውሉን አስመጡ። ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቀር፣ ውዝፍ መኖር አለመኖሩን እዩ። ቀሪው ክፍያ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው። ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜም ውሉ ላይ ተጽፏል። ጊዜው ካለፈ ውሉ ሊቋረጥ የሚችል ቦታ ነው የምትገዙት።

ባዶ ቦታ ወይም መሠረት ብቻ የወጣለት የሊዝ ይዞታ ሲቀርብላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። በዚያው አዋጅ አንቀጽ 24፣ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ግንባታ ሳይደርስ የሊዝ መብት የሚተላለፈው አስተዳደሩ እያወቀና እየተቆጣጠረ ነው። ሻጩም የዋጋ ጭማሪውን እንዳለ ኪሱ አይከትም፤ ከከፈለው ሊዝና ከሠራው ሥራ ዋጋ በላይ የሚደርሰው ከሊዝ መተላለፊያ ዋጋው 5 በመቶ ብቻ ነው። ገበያው ይህንን ስለማይወደው በውክልና፣ በብድር ውል ሽፋን፣ በአክሲዮን እያስመሰለ ሲሸጥ ይታያል። የብድር ውል ፈርማችሁ ቦታ ገዛሁ ካላችሁ፣ ፍርድ ቤት ስትቆሙ አበዳሪ እንጂ ገዢ አይደላችሁም።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ። ባለዕድለኛው ቤቱን ከተረከበ አምስት ዓመት ሞልቶታል ወይ? የባንኩ ዕዳስ ተከፍሎ አልቋል ወይ? አምስት ዓመት ያልሞላውን ቤት በውክልና መግዛት የተለመደ ነው። የተለመደ መሆኑ ሕጋዊ አያደርገውም።

«ካርታው በቅርቡ ይወጣለታል» የሚባለው ሰነድ አልባ ይዞታ ሌላ ዓለም ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰነድ አልባ ቦታ መብት ይፈጠርለት አይፈጠርለት ሲወሰን የ1988 እና የ1997 የአየር ፎቶ ላይ ቤቱ መታየቱ ወሳኝ ሆኖ ቆይቷል። ከገበሬ ተገዝቶ ከዚያ በኋላ የተሠራ የጨረቃ ቤት «ይወጣለታል» የሚል ተስፋ እንጂ መብት የለውም። የቀበሌ ቤትና የመንግሥት ኪራይ ቤት ደግሞ ተከራዩ የፈለገውን ያህል ዘመን ቢኖርበት የሚሸጠው ነገር የለም። «ቁልፍ ልቀቅልህ» የሚሉት ነገር ግዢ አይባልም።

ካርታውን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት

ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱና በረጋ መንፈስ እዩት። የባለይዞታው ስም እስከ አያት ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው? የቦታው ስፋት ስንት ካሬ ነው? አገልግሎቱ መኖሪያ ነው ወይስ ቅይጥ? የቦታውን ማዕዘኖች የሚያመለክቱት የኮኦርዲኔት ቁጥሮች አሉ? ግሪል ወይም ሱቅ ልትከፍቱበት ያሰባችሁት ቤት ካርታው «መኖሪያ» ካለ፣ ዋጋው ላይ የምትነጋገሩበት ምክንያት አገኛችሁ።

«ምትክ» የሚል ቃል ካለበት ቆም በሉ። ካርታ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ምትክ ይሰጣል፤ በራሱ ነውር አይደለም። ግን ዋናው እውነት ጠፍቶ ነው ወይስ አንድ አበዳሪ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል? የምትኩን ምክንያት ማህደሩ ይናገራል።

የክፍለ ከተማውን ስም ልብ በሉ። ለሚ ኩራ የተቋቋመው ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ «ቦሌ» ተብሎ የተጻፈ ቤት ማህደሩ ዛሬ ለሚ ኩራ ሊሆን ይችላል። ቦሌ ሄዳችሁ «እኛ ጋ ምንም ዕዳ የለም» የሚል መልስ ብታገኙ፣ እውነት ነው፤ ማህደሩ እነሱ ጋ ስለሌለ ነው። በ2014 መጨረሻ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲካለል የተነኩ ሰፈሮችም አሉ። ዳር ዳር ያለ ቤት ከሆነ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ በመጀመሪያ አረጋግጡ።

ማህደሩን ማስፈተሽ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ገዢ ብቻውን ሄዶ «የእገሌን ፋይል አሳዩኝ» ቢል አያሳዩትም። ባለይዞታው ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ማመልከት አለበት። ስለዚህ ሻጩን «አብረን እንሂድ» በሉት። ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ ፊቱን እዩት። ደስ ብሎት ቀጠሮ የሚይዝ ሻጭ አለ። «እኔን አታምኑም ወይ?» ብሎ የሚቆጣም አለ። ቤቱ ስንት ሚሊዮን ነው እየተባለ፣ ቁጣውን ችሎ መሄድ ይሻላል።

እዚያ የምትፈልጉት «ዕዳና ዕገዳ» የሚባለውን ማጣሪያ ነው። ዕዳ ማለት ባንክ ወይም ሌላ አበዳሪ ቤቱን በመያዣ አስመዝግቧል ወይ ማለት ነው። ዕገዳ ደግሞ ፍርድ ቤት፣ ግብር ሰብሳቢ ወይም ሌላ ሥልጣን ያለው አካል «አይሸጥ፣ አይለወጥ» ብሎ ደብዳቤ ጽፏል ወይ የሚለው ነው። ሻጩ ከልቡ ረስቶት ሊሆንም ይችላል። ከብዙ ዓመት በፊት ለወንድሙ የንግድ ብድር ካርታውን ያስያዘ ሰው፣ ብድሩ ቢያልቅም ዕገዳው በደብዳቤ ካልተነሳ ማህደሩ ላይ እንዳለ ይኖራል።

ባንኩን ንቃችሁ እንዳታልፉት። በመያዣ የተመዘገበ ቤት ባለቤት ቢቀየርም መያዣው ከቤቱ ጋር ይከተላል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቤቱን በጨረታ መሸጥ ይችላል። ዕዳ ያለበትን ቤት መግዛት ግን አይቻልም ማለት አይደለም። ባንኩ ቀሪ ዕዳውን በጽሑፍ ይንገራችሁ። ከዋጋው ላይ ያን ያህሉን በቀጥታ ለባንኩ ክፈሉ፣ ለሻጩ ሰጥታችሁ «ሂድና ክፈል» እንዳትሉ። ባንኩ ዕገዳው እንዲነሳ ለመሬት ቢሮው ይጻፍ፣ ቀሪውን ከዚያ በኋላ ለሻጩ ስጡ።

ከዕዳና ዕገዳው ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ አለ፦ ይህ ካርታ ከየት መጣ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 የባለቤትነት ማስረጃ ያለው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ግምት ነው። አንቀጽ 1196 ግምቱ የሚፈርስበትን ይዘረዝራል፤ ማስረጃው በሕጉ መሠረት ያልተሰጠ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ ከሆነ ይወድቃል። ስለዚህ ማህተሙ እውነተኛ፣ ወረቀቱ እውነተኛ፣ አሰጣጡ ግን ሕገ ወጥ የሆነ ካርታ አለ። አንድ ቀን ኦዲት ይመጣና «መክኗል» ይባላል።

ማህደሩ ውስጥ የመብቱ መነሻ ይታያል። በምሪት (መንግሥት መርቶ የሰጠው) ነው? በጨረታ ያገኘው ሊዝ ነው? በማኅበር የተገኘ ነው? በውርስ? ከሌላ ሰው ገዝቶ ከሆነ የዚያ ግዢ ውል የት አለ? ሰንሰለቱን ወደኋላ ቁጠሩ። ካርታው የወጣው ሽያጩ ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከሆነ፣ ከመሃል ገጽ የጠፋ ከሆነ፣ ወይም ስፋቱ ከመነሻ ሰነዱ ላይ ካለው በድንገት አድጎ ከተገኘ ሕግ ባለሙያ ይየው። የጠበቃ ክፍያ ውድ ነው የሚል ሰው የአንድ ካሬ ዋጋ ስንት እንደሆነ ያስላ።

በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተጀመረው የካዳስተር ምዝገባ ቦታውን ደርሶት ከሆነ ሥራችሁ ይቀላል። በይዞታ ምዝገባ ተቋሙ በኩል ቁራሽ መሬቱ የራሱ መለያ ኮድ ይኖረዋል፤ ወሰኑም ተለክቶ ተመዝግቧል። ካርታው ላይ ያለውና መዝገቡ ላይ ያለው ስፋት ካልተስማማ፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባችሁ ወደፊት አትሂዱ።

ሻጩ ብቻውን መሸጥ ይችላል?

እኔ ብዙ ጊዜ የምሰጋው ባንኩን አይደለም፤ ባንክ ቢያንስ ይመዘገባል። ትዳር ግን ማህደር ላይ ላይታይ ይችላል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 63 በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። ቤት ገዝታችሁ፣ አድሳችሁ፣ ገብታችሁ ሳለ ማለት ነው።

«ያላገባ ማስረጃ አለኝ» ሲላችሁ ቀኑን እዩ። ማስረጃው የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ቤቱ በተገኘበት ጊዜ አግብቶ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ተፋትቶ ከሆነ የፍቺውን ውሳኔ ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉንም አሳዩኝ በሉ። ፍቺ አለ፣ ቤቱ ግን ገና አልተካፈለም ከሆነ የቀድሞዋ ሚስት ወይም የቀድሞው ባል ሳይፈርሙ አይሆንም። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት አብረው የኖሩም የጋራ ንብረት ያፈራሉ፤ ይህን ወረቀት አያሳይም፤ ጎረቤት ግን ያውቃል።

የውርስ ቤት ላይ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃውን ጠይቁና ወራሾቹን በስም ቁጠሩ። ሁሉም ይፈርማሉ። «እህታችን አረብ አገር ናት፣ እሷ ችግር የለባትም» የሚባል ነገር የለም፤ ውክልና ትላክ። ከወራሾቹ አንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ሞግዚቱ ብቻውን የሚወስነው ጉዳይ አይደለምና ፍርድ ቤት የፈቀደበትን እዩ። ስሙ ወደ ወራሾች ሳይዞር ከሟች ስም በቀጥታ መግዛት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ውክልና ሲመጣ ወረቀቱን ቃል በቃል አንብቡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። «ንብረቴን በሙሉ እንዲያስተዳድር» ማለት «እንዲሸጥ» ማለት አይደለም። ውክልናው አለመሻሩን ሰነዱን ካረጋገጠው ተቋም አጣሩ። ወካዩ ከሞተም ውክልናው አብሮ ያበቃል። ከአሜሪካም ሆነ ከእስራኤል የሚመጣ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። እኔ ብሆን ከዚህ ሁሉ በላይ ወካዩን በቪዲዮ ደውዬ አነጋግራለሁ። «ቤትህ እየተሸጠ ነው፣ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቦታው ድረስ ሂዱ

ቀያሽ ይዛችሁ ሂዱና ኮኦርዲኔቱን መሬት ላይ አስለኩ። አጥሩ ከካርታው አልፎ መንገድ ወይም ወንዝ ዳር ገብቶ ከሆነ፣ ያ ትርፍ ቦታ ዋጋ ውስጥ አይግባ። ሰርቪስ ቤቱ በግንባታ ፈቃድ ነው የተሠራው? ኋላ የተቀጠለ ፎቅ ፈቃድ ከሌለው የማፍረሱ ጣጣ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው።

የፕላን መረጃ ከከተማው ፕላን ተቋም ጠይቁ። የኮሪደር ልማቱን ያየ የአዲስ አበባ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ታስቦ ከሆነ ወይም ቤቱ በመንገድ ክልል ውስጥ ከወደቀ፣ ንጹህ ካርታ እያለም ቤቱ ሊነሳ ይችላል።

ተከራይ ካለ በማን ውል፣ እስከ መቼ እንደገባ ጠይቁ። ጎረቤት አንኳኩ። የዕድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ አነጋግሩ። «ይሄ ቤት እኮ ወንድማማቾቹ የሚካሰሱበት ነው» የሚለውን ቃል ከየትም ቢሮ አታገኙትም።

ሪል ስቴት ከሆነ

የምትገዙት አፓርታማ እንጂ የኩባንያው ማስታወቂያ አይደለምና የኩባንያውን ካርታ፣ የሊዝ ውልና የግንባታ ፈቃድ በዚሁ መንገድ አጣሩ። ቦታው ለፕሮጀክቱ ብድር ባንክ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ባንኩ የእናንተን ቤት ከመያዣው ነጥሎ እንደሚለቅ በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ሙሉ ከፍላችሁም ካርታ ላይወጣላችሁ ይችላል።

ቀብድና ውል

ቀብድ ማጣሪያው ሳያልቅ ባይከፈል ጥሩ ነው። ግድ ካላችሁ ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠው ሐሳቡን ከቀየረ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከቀየረ እጥፍ ይመልሳል። «ዕዳ ወይም ዕገዳ ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ሐረግ ጨምሩበት፤ ያለዚያ ሻጩ «ሐሳብሽን የቀየርሽው አንቺ ነሽ» ይላል።

ዋናው ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። ሰው አሁንም ውልና ማስረጃ ነው የሚለው። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጽንቶታል። ሻጩ ውሉን ሲያምን ነገሩ ሌላ መልክ የያዘባቸው ፍርዶችም አሉ። ሻጬ ያምንልኛል ብሎ በሰፈር ሽማግሌ ፊት ፈርሞ ሚሊዮን መክፈል ግን ቁማር ነው።

ዋጋውንም እውነተኛውን ጻፉ። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ዋጋ፣ ውሉ የፈረሰ ቀን ይመለስልኝ ብላችሁ የምትሟገቱበት ዋጋ እሱ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ገንዘቡን በደረጃ አስሩት፦ ውል ሲፈረም ይህን ያህል፣ ስም ሲዞር ይህን ያህል፣ ቁልፍ ሲረከብ ቀሪው።

በመያዣ ለምትቀበሉ

ባንክ ከሆናችሁ የራሳችሁ መሐንዲስና የሕግ ክፍል አላችሁ። ይህ ለግለሰብ አበዳሪ ነው። «ካርታውን ይዣለሁ» ማለት መያዣ ይዣለሁ ማለት አይደለም። ባለቤቱ ጠፋብኝ ብሎ ምትክ ሊያወጣ ይችላል። የመያዣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፣ ከዚያም ቤቱ ባለበት መሬት ቢሮ ማህደሩ ላይ ይመዝገብ። ከእናንተ በፊት የተመዘገበ ሌላ መያዣ ካለ ቀድሞ የሚከፈለው እሱ ነው።

«ካልከፈለ ቤቱ የእኔ ይሁን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ብታጽፉ አንቀጽ 3060 ዋጋ ያሳጣዋል። ያለ ፍርድ ቤት በጨረታ የመሸጡም ኃይል ለባንኮች የተሰጠ ነው። እናንተ በክስ ነው የምትሄዱት።

ስም እስኪዞር

ውል ተፈርሟል ማለት ቤቱ በስማችሁ ሆኗል ማለት አይደለም። አንቀጽ 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት እንዲተላለፍ በመዝገብ መጻፍን ይጠይቃል። በውሉና በስም ዝውውሩ መካከል የሻጩ አበዳሪ ዕገዳ ሊያስገባ ይችላል፤ ስለዚህ ውሉ በተፈረመ ማግስት ክፍለ ከተማ ግቡ። የሻጩን የግብር ክሊራንስና የቦታ ክፍያ ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ዕዳውንም አብራችሁ ጨርሱ። የቴምብር ቀረጥና ሌላውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ካልጻፋችሁ እዚያ መስኮት ላይ መጨቃጨቅ ይመጣል።

አዲሱ ካርታ ሲሰጣችሁ ከቢሮው ሳትወጡ ስማችሁን እስከ አያት፣ የካሬውን ስፋት፣ የአገልግሎቱን ዓይነትና ኮኦርዲኔቱን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ባለትዳር ከሆናችሁ የሁለታችሁም ስም መግባቱን እዩ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ በዚያው ቀን እንዲታረም አመልክቱ፤ ማህደሩ ተመልሶ መደርደሪያ ከገባ በኋላ እሱን ለማውጣት እንደገና ወረፋ ነው።